ሀሁን የዘለቀ ልጅ መቼ ነው አንባቢ የሚሆነው?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ንባብ ነው። አንድ ልጅ ፊደል መለየት ከጀመረበት ቀን አንስቶ ያነበበውን እስኪረዳ ድረስ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ ተመራማሪዎችስ ስለዚህ ምን እንደደረሱበት እናያለን። መምህራን፣ ወላጆች፣ ታናናሾቻችሁን የምታስጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ አብራችሁን ቆዩ። ወረቀትና እርሳስ ካላችሁ አቀራርቡ፤ ትንሽ ቆይተን አብረን ጥቂት ፊደላት እንጽፋለን።

በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን ከተካሄደ አንድ የንባብ ምዘና ልጀምር። ምዘናው የተካሄደው በስምንት ክልሎች፣ ከ300 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ነበር። ወደ 13,000 የሚጠጉ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ተፈትነውበታል። አፈታተኑ እንዲህ ነው፦ ልጁና ፈታኙ ብቻቸውን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ፈታኙ አንድ ገጽ ወረቀት ያቀርብለትና ሰዓት ይይዛል። የተሰጠው ጊዜ 60 ሰከንድ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊደላት አሉ፤ ነገር ግን በሀሁ ቅደም ተከተል የተደረደሩ አይደሉም፣ ተዘበራርቀዋል። ቀጥሎ ቃላት ይመጣሉ። ከዚያ ለክፍሉ የሚመጥን አጭር ታሪክ ይሰጠዋል፤ ታሪኩን ሲጨርስ ስለ ታሪኩ ጥቂት ጥያቄዎች በቃል ይቀርቡለታል። ከመጀመሪያው መስመር አንዱንም ካላወቀ ፈታኙ አያስጨንቀውም፤ በጨዋ ደንብ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ውጤቱ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ከጥያቄዎቹ አንዱንም ያልመለሱት ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። ልብ በሉ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ አልነበረም። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛና ሐረሪ ነበሩ የፈተናው ቋንቋዎች፤ አብዛኞቹ ልጆች በቤታቸው የሚናገሯቸው፣ የሚማሩባቸውም ቋንቋዎች። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ በየቀኑ ከጓደኞቹ ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ፊደል ሲል የኖረ ልጅ፣ ወረቀቱ ፊቱ ሲቀርብ ዝም አለ። ለምን?

አንዱን ምክንያት ብዙ የአንደኛ ክፍል መምህራን በዓይናቸው ያዩት ይመስለኛል። ልጁን ጠርታችሁ ገበታው ላይ «ቸ»ን አመልክቱትና ማን እንደምትባል ጠይቁት። ዓይኑ ወደ ላይ ይሄዳል። ከንፈሩ በቀስታ ይንቀሳቀሳል። ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመጨረሻ «ቸ!» ይላል። መልሱ ትክክል ነው። ግን ልጁ ፊደሏን አላወቃትም፤ የተቀመጠችበትን ቦታ ነው ያወቀው። ከገበታው ላይ አውጥታችሁ አንድ ቃል መሀል ብታስቀምጧት ትጠፋበታለች። ማነብነብ የምንለው ይህን ነው። ማነብነብ የማስታወስ ችሎታን ያሳያል፤ ማንበብን ግን አያሳይም።

ይህን ችግር በመጀመሪያ ያወቁት ዘመናዊ ተመራማሪዎች እንዳልሆኑ ስናገር ደስ እያለኝ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤታችንን አስቡት። የኔታ ዘንድ የሚማር ልጅ በስንደዶ እያመለከተ ሀሁን ይዘልቃል። ያን ሲጨርስ ግን ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ ሳይገባ በመካከሉ ሌላ ገበታ ይጠብቀዋል፤ አቡጊዳ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። የመጀመሪያው ከግዕዝ፣ ሁለተኛው ከካዕብ፣ ሦስተኛው ከሣልስ፣ እንዲህ እያለ በየእርምጃው ቤቱም ድምፁም ይለወጣል። በሀሁ የለመደው ዜማ እዚህ አያድነውም። ተማሪው እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ካልለየ ወደፊት አይሄድም። የዛሬ መመዘኛዎች ፊደላትን አዘበራርቀው የሚያቀርቡበትን ምክንያት የኔታ ከጥንት ጀምሮ በሥራ ላይ አውለውት ኖረዋል። ብዙ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ክፍሎቻችን ሀሁን ከዚያ ሥርዓት ወስደው አቡጊዳን መተዋቸው የሚያስቆጭ ነው።

አሁን ወረቀቱን እናንሳ። «በ»ን ጻፉ። ሁለት እግር፣ ከላይ ክዳን። «ቡ» እንድትሆን ቀኝ እግሯ ወገብ ላይ አጭር ሰረዝ ጨምሩ። «ቢ» ስትሆን ሰረዙ ወደ ቀኝ እግሯ ጫፍ ይወርዳል። «ቤ» ላይ በዚያው ጫፍ ቀለበት ይሆናል። አሁን «ለ»ን፣ «ሰ»ን፣ «ከ»ን በዚሁ መንገድ ሞክሩ፤ ሉ፣ ሱ፣ ኩ፤ ሊ፣ ሲ፣ ኪ፤ ሌ፣ ሴ፣ ኬ። ሰረዙም ቀለበቱም እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው። 33 መነሻ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋ፣ ጓና ኳ ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ለመሸምደድ ለሚሞክር ልጅ ሸክሙ ከባድ ነው። ሥርዓቱ የታየው ልጅ ግን መነሻዎቹን ከያዘ በኋላ ብዙውን በራሱ ይደርስበታል። ያላስተማሩትን «ዙ» ሰረዟን አይቶ የሚያነብ ልጅ ያጋጠመው መምህር የምለው ይገባዋል። ከመደበኛው የወጡም አሉ፤ እነ «ሩ» እና «ፉ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳድሶቹ። ል፣ ም፣ ት፣ ን፣ ግ፤ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ስለዚህ ሳድስ ከሌሎቹ የበለጠ የክፍለ ጊዜ ድርሻ ይገባዋል፤ በተግባር የሚሰጠው ግን እኩል ነው።

እርሳሱን ሳታስቀምጡ «ባ» እና «ቦ»ን ጎን ለጎን ጻፉ። አንዷ ረጅም እግሯ በቀኝ፣ ሌላዋ በግራ። በመስታወት እንደመተያየት ናቸው። ሳና ሶ፣ ካና ኮ፣ ዛና ዞም እንደዚያው። ልጆች እነዚህን ሲያቀያይሩ «ትኩረት የለውም» ብለን እንቆጣለን። ፈረንሳዊው የአእምሮ ተመራማሪ ስታኒስላስ ደሃን እንደሚያስረዱት የሰው አእምሮ ከተፈጥሮው ግራና ቀኝ የዞረን ነገር አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። ስኒ ጆሮው ወደ ግራም ይዙር ወደ ቀኝ፣ ስኒ ነው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ሲጠቀምበት የኖረውን ይህን ችሎታ ፊደል ሲማር መተው አለበት፤ በዓለም ላይ ከንባብ በስተቀር ይህን የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ባና ቦን ያምታታ ልጅ ቁጣ ሳይሆን ልምምድ ያስፈልገዋል፤ በጣቱ አሸዋ ላይ እየጻፈ፣ እግሩ ወዴት እንደረዘመ በአፉ እየተናገረ።

በሌሎች ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶችም የጽሕፈት ሥርዓት በንባብ ፍጥነት ላይ ያለውን ድርሻ አሳይተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የወጣ፣ በ13 የአውሮፓ የጽሕፈት ሥርዓቶች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን አወዳድሮ ነበር። ፊንላንዳውያኑ ልጆች የቀረቡላቸውን ቀላል ቃላት ከሞላ ጎደል ሁሉንም በትክክል አነበቡ። በእንግሊዝኛ የሚማሩት ያነበቡት ከመቶ 34 ያህሉን ብቻ ነበር። እንግሊዝኛ ተጽፎ የሚነበብበት መንገድ ወጥ ስላልሆነ ነው። በህንድ ደግሞ ሶናሊ ናግ የተባለች ተመራማሪ ካንናዳ የሚባለውን የህንድ ቋንቋ ጽሕፈት የሚማሩ ልጆችን አጥንታለች፤ እንደኛው ተነባቢና አናባቢ በአንድ ምልክት የሚዋሐዱበት፣ የምልክቱ ብዛት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ጽሕፈት ነው። ልጆቹ እስከ 3ኛና 4ኛ ክፍል ድረስ ምልክት መማራቸውን ይቀጥላሉ። የእኛ ፊደል ወጥነቱ እንደ ፊንላንድ፣ ብዛቱ እንደ ህንድ ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም። እንግዲህ በአንደኛው ዓመት ሁሉም ፊደል ይለቅ ብሎ መምህሩን ማጣደፍ ልክ አይመስለኝም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ፊደል ነው። ግማሹ ጉዳይ ገና አልተነካም።

በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ንባብን በአንድ ስሌት ገለጹት። አንብቦ መረዳት ማለት ፊደሉን ወደ ድምፅ የመለወጥ ችሎታ፣ በቋንቋ ችሎታ ሲባዛ የሚገኝ ውጤት ነው አሉ። ድምር ሳይሆን ብዜት መሆኑን አስተውሉ። በድምር አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሞላዋል። በብዜት ግን ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ቢተልቅ ውጤቱ ዜሮ ነው። በ2002ቱ ምዘና ዝም ያሉት ልጆች ቋንቋው ነበራቸው፤ ያንኑ ታሪክ ሰው ቢነግራቸው ስቀው፣ ጠይቀው፣ ለጓደኛ ያወሩት ነበር። የጎደላቸው ፊደሉ ነው።

የተቃራኒውን ምሳሌ ለማግኘት ደግሞ ራቅ ብለን እንሂድ። በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን በሳምንት አንድ ቀን ልጆቻቸውን ፊደል ለማስቆጠር የሚያደርጉት ጥረት የሚያስመሰግን ነው። አንዳንዶቹ ልጆች ከጥቂት ወራት በኋላ የአማርኛ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ድምፁን ያወጡታል። ከዚያ «ምን አለ?» ሲባሉ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። እነዚህኞቹ ፊደሉ አላቸው፤ የጎደላቸው ቋንቋው ነው። ለእነሱ ከሁለተኛ የፊደል ገበታ ይልቅ እራት ላይ የሚደረግ የአማርኛ ጨዋታ፣ ከአያት ጋር በስልክ የሚደረግ ረጅም ወሬ የበለጠ ይጠቅማል።

በአማርኛ ደግሞ ቋንቋውን ሳያውቁ በትክክል ድምፅ ማውጣት ራሱ አይቻልም። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ዶሮው ይበላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አለ እንበል። ካላላሁት ዶሮው ጥሬውን እየለቀመ ነው። ካጠበቅሁት ዶሮው ወጥ ሆኖ ቀርቧል። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው በዙሪያው ያለው ሐሳብ ነው። ልጁ ወደፊት አይቶ፣ ነገሩ የግቢ ወሬ ይሁን የበዓል ወሬ ገምቶ፣ ከዚያ ነው ድምፁን የሚመርጠው። ሳድሱም እንዲሁ ነው፤ «ብርድ» ስንል «ብ» ትሰማለች፣ «ር» እና «ድ» ይዘጋሉ፤ የቱ እንደሚከፈት የቱ እንደሚዘጋ የሚነግረን ቋንቋውን የለመደ ጆሯችን እንጂ ጽሕፈቱ አይደለም። በግዕዝ ንባብ ቤት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ የሚባሉትን የአነባበብ ስልቶች እያስለመዱ ለዓመታት ጆሮን የሚያሠለጥኑት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚህ ተነስተን ወደ ትምህርት ቋንቋ ጥያቄ እንግባ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ አፈጻጸሙ ግን ከክልል ክልል ተለያየ። ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሶማሌ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሄዱ። በሌሎች አካባቢዎች ከ7ኛ፣ በአንዳንዶቹም ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ልዩነት በአንድ ሀገር ውስጥ መኖሩ ለተመራማሪ ብርቅ አጋጣሚ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ ያጠኑትና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የታተመው ጥናት ሀገር አቀፍ የ8ኛ ክፍል ምዘና ውጤቶችን ተመለከተ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ወደ እንግሊዝኛ ቀድሞ መግባት በእነዚህ ትምህርቶች ልጆቹን ወደፊት አላራመዳቸውም።

በናይጄሪያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ በኢፌ ከተማ፣ ፕሮፌሰር ባብስ ፋፉንዋ በመሩት ሙከራ አንዱ የተማሪዎች ቡድን ስድስቱንም ዓመት በዮሩባ ተማረ፤ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ፣ በሠለጠነ መምህር ወሰደ። ሌላው ቡድን በተለመደው መንገድ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። በዮሩባ የዘለቁት በአጠቃላይ በለጡ፤ በእንግሊዝኛም ወደ ኋላ አልቀሩም።

ብዙ ወላጆች ግን ልጃቸው ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢማር ይመርጣሉ። ፍላጎታቸውን አከብራለሁ፤ እንግሊዝኛ የሥራ በር፣ የከፍተኛ ትምህርት በር መሆኑ በኑሯቸው ያዩት ነገር ነው። ጥያቄው በየት በኩል ቢሄዱ ይደረስበታል የሚለው ነው። ካናዳ ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ያጠኑት ጂም ከሚንስ ሁለት ነገር ለይተዋል። አንድ ልጅ በአዲስ ቋንቋ ከጓደኞቹ ጋር መጫወት በሁለት ዓመት ገደማ ይለምዳል። በዚያ ቋንቋ የሳይንስ መጽሐፍ አንብቦ መከራከር ግን አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስድበታል። ያም እንግሊዝኛ ከመንገዱም ከቴሌቪዥኑም በሚሰማበት ሀገር ነው። እንግሊዝኛን በቀን 40 ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ራሱ ቋንቋው ካልረጋለት መምህር የሚሰማ የገጠር ልጅ በ5ኛ ክፍል ስለ ፎቶሲንተሲስ ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲቀርብለት፣ የጎፍና የተንመር ሁለተኛው ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል። ደብተሩ ይሞላል፣ ከሰሌዳ የገለበጠው ሁሉ በውብ የእጅ ጽሑፍ ይሰፍራል፤ ራሱ ልጁ ግን ምን እንደጻፈ መናገር አይችልም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰነፍ የተባሉት ብዙዎቹ ልጆች ሰነፎች አልነበሩምና።

በአንጻሩ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ብቻውን ተአምር ይሠራል የሚሉትንም የ2002ቱ ምዘና ይመልስላቸዋል። ቋንቋው የልጆቹ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርስ የማንበቢያ መጽሐፍ፣ ንባብን ለማስተማር የሠለጠነ መምህር፣ ልጁ ራሱ የሚያነብበት ጊዜ ግን በቂ አልነበረም። ከምዘናው በኋላ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የቋንቋ መጻሕፍት እንደገና የተዘጋጁትና የንባብ ክፍለ ጊዜ ትኩረት ያገኘው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ክፍል ለምትገቡ መምህራን አንድ ሐሳብ ላካፍል። ሁሉም ገበታ እስኪያልቅ ቃል አትከልክሏቸው። የ«በ»ን እና የ«ለ»ን ቤት ብቻ የያዘ ልጅ በላ፣ ልብ፣ ሌባ፣ ባል ብሎ ማንበብ ይችላል። የ«መ»ን ቤት ስትጨምሩለት ሎሚ፣ ሙሉ ይላል፤ «ሎሚ በላ» የሚል ሙሉ ሐሳብ በራሱ ዓይን ያነባል። ያን ቀን ፊቱን እዩት። ከዚያ የ«ተ»ን ቤት ጨምሩ፣ ቤትም ይመጣል። 60 እና 70 ልጅ ባለበት ክፍል እያንዳንዱን መስማት አይቻልም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። የኔታም ሁሉን ራሳቸው አይሰሙም ነበር፤ የላቀው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጧቸው፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው በጣቱ ይከተል፣ ከዚያ ይለዋወጡ። መምህሩ በየቀኑ አምስት ልጅ ቢሰማ፣ 60ው ልጅ በ12 የትምህርት ቀናት ይዳረሳል።

ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶችና አባቶችም «እኛ ምን ልናግዝ?» እንዳትሉ። የስሌቱ ሁለተኛ ቁጥር በእናንተ እጅ ነው። ተረት የሰማ፣ በተረቱ መሀል የተጠየቀ ልጅ መጽሐፍ ሲያነብም እየጠየቀ ያነባል። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ አጠገባችሁ አስቀምጡትና አንድ አንቀጽ ያንብብላችሁ። ጣቱን እያስከተለ፣ ሳይቸኩል። ሲጨርስ መጽሐፉን ይክደንና ጠይቁት። ማን ነበር? ምን ሆነ? ለምን እንዲህ አደረገ? አራተኛው ጥያቄ፣ ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል የሚለው ነው፤ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ስለሌለ ልጁ ትንሽ ይቆያል። ታገሡትና ይመልስ።